ዓለም አቀፍ ልማት በኦንላይን ማስተርስ፦ ስራ ላይ ላለ ሰው ያዋጣል?

ፊልድ_ወጣሁ

ሰላም ቤቶች። እስቲ የምታውቁ አማክሩኝ። የምሰራው ኤንጂኦ ውስጥ ነው፣ ኤም ኤንድ ኢ (ክትትልና ግምገማ) ላይ። ዳታ ማሰባሰብ፣ ኢንዲኬተር (የፕሮጀክቱን መለኪያ) መሙላት፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት መጻፍ፣ ዶነር (ለጋሽ) ሲመጣ ፊልድ ይዞ መውጣት። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ከዚህ ጋር ብዙም አይገናኝም። አሁን ማስተርስ ልጀምር እያልኩ ነው። ዓለም አቀፍ ልማት፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን። ስራ ትቼ ካምፓስ መግባት አልችልም። ልጆች አሉኝ። ደመወዜ ቢቋረጥ የምቸገረው እኔ ብቻ አይደለሁም።

የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቀጣሪዎች «ኦንላይን ነው» ብለው ያጣጥሉታል ወይ? ስራ እየሰሩ መጨረስስ የምር ይቻላል? ደግሞ የእርዳታው ዓለም እንዲህ በተናጋበት ሰዓት በዚህ ዘርፍ ዲግሪ መያዝ ጅልነት አይሆንም? የዩኒቨርሲቲዎቹን ማስታወቂያ አንብቤ ጨርሻለሁ። ሁሉም ላፕቶፕ ይዞ የሚስቅ ሰው ነው የሚያሳዩት። ያለፈበት ሰው ይንገረኝ።

ሌሊት_አንባቢ

የጊዜውን ጥያቄ ለኔ ተዉልኝ። ስራ ላይ ሆኜ ነው የጨረስኩት። (አንተ ሁን አንቺ አላወቅኩም፤ በአንቺ ልቀጥል።) ይቻላል። ግን «በሚመችዎ ሰዓት ይማሩ» የሚለውን እንዳለ አትመኚው።

ሂሳቡን ራስሽ ስሪው። የእንግሊዝ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው። በነሱ ስሌት አንድ ክሬዲት የ10 ሰዓት ስራ ነው። በድምሩ 1,800 ሰዓት ማለት ነው። በሁለት ዓመት ልጨርስ ካልሽ፣ አንድም ሳምንት ሳታርፊ በሳምንት 17 ሰዓት ገደማ ይወጣል። በሦስት ዓመት ከሆነ ወደ 12 ይወርዳል። የአውሮፓው አቆጣጠር ደግሞ ከ60 እስከ 120 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ተዪና ክሬዲቱን በሰዓት አባዢው።

የኔ ሳምንት እንዲህ ነበር። ሰኞ የሞጁሉ ገጽ ይከፈታል። ሦስት አራት ጽሑፍ፣ አንድ ምዕራፍ፣ የተቀረጸ ሌክቸር። ሳምንቱ አጋማሽ ላይ የራስህን ሀሳብ ውይይት ገጹ ላይ ታስቀምጣለህ፤ እሁድ ሳይደርስ ለሌሎች ተማሪዎች ትመልሳለህ። የቀጥታው ክፍለ ጊዜ በነሱ ሰዓት ስለሆነ እኔ ሁሌ ቀረጻውን ነበር የማየው፣ ያውም ፍጥነቱን ጨምሬ። ፒዲኤፉን ቢሮ ዋይፋይ ላይ አወርድና ፊልድ መኪና ውስጥ በስልኬ አነባለሁ። መኪናው ሲነጥር ጣቴ ይስታል። ማታ ስከፍተው የተቀለመው ጭራሽ የማልፈልገው መስመር ነው።

ንባቡ ግን አይደለም የከበደኝ። የከበደኝ ከሪፖርት አጻጻፍ መውጣት ነው። እኛ እኮ «ተግባራቱ በታቀደው መሠረት ተከናውነዋል፣ የማኅበረሰቡ ግንዛቤ ጨምሯል» እያልን ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነን። የመጀመሪያው ጽሑፌ ታርሞ ሲመጣ፣ እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ባለበት ሁሉ ጎኑ ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፏል፦ «በምን አወቅክ?» ያበሽቃል። ግን ለዚያ ነው የከፈልኩት።

ቀጣሪው_ወገን

ልጄ፣ ስለ ቅጥሩ እኔ ልንገርሽ። ስንት የቅጥር ኮሚቴ ላይ ተቀምጫለሁ። «ይሄ ኦንላይን ነው» ተብሎ ሲቪ ሲወድቅ አላየሁም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዲፕሎማው ላይ በምን መንገድ እንደተማርሽ አይጽፉም። የርቀት ትምህርትም የትናንት ነገር አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከ1858 ጀምሮ (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለንደንን ረግጦ የማያውቅ ሰው ፈትኖ ይመርቃል። ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 ያገኙት እስር ላይ ሆነው፣ ከደቡብ አፍሪካው የርቀት ዩኒቨርሲቲ ከዩኒሳ ነው።

የሚጠየቀው የተቋሙ እውቅና ነው። የተመድ ድርጅቶች የሚያዩት አንድ ዝርዝር አለ። የዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር የሚያዘጋጀው የዓለም ከፍተኛ ትምህርት ዳታቤዝ ይባላል። አንድ ሳንቲም ከመክፈልሽ በፊት የተቋሙን ስም እዚያ ፈልጊው። ከሌለ እለፊው፣ ቅናሹ የፈለገውን ያህል ቢያምር።

ቀጥሎ የልምድ ዓመት አለ። በተመድ አሠራር የባለሙያ ደረጃዎች ፒ እየተባሉ ይጠራሉ፤ ለፒ-2 ማስተርስና 2 ዓመት ልምድ ነው የሚጠየቀው። ለፒ-3 5 ዓመት፣ ለፒ-4 7 ዓመት። ማስተርስ የሌለው ሰው በመጀመሪያ ዲግሪው ላይ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ልምድ ካለው ብዙ ማስታወቂያዎች ይቀበሉታል። እስቲ አስቢው። ስራውን ትቶ ካምፓስ የገባ ሰው ልምዱ ባለበት ይቆማል። አንቺ ግን እየተማርሽም ይቆጠርልሻል። የኦንላይን ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ሰው አያወራውም እንጂ።

ዲግሪው በር ያስከፍታል፤ ስራውን የሚሰጥሽ ግን የጽሑፍ ፈተናው ነው። አንድ ጊዜ ለኤም ኤንድ ኢ ቦታ የሰጠነው ፈተና ቀላል ነበር። የአንድ የስልጠና ፕሮጀክት ሪፖርት፣ አንድ ገጽ የተዘበራረቀ ሰንጠረዥ፣ «ምን ተለወጠ? በሁለት ገጽ ግለጹ» የሚል ትእዛዝ። ማስተርስ የያዙት ስንት ሰው እንደሰለጠነ ደምረው፣ በጾታ ከፋፍለው፣ በፐርሰንት አሳምረው ጻፉ። ሰንጠረዡ ውስጥ ግን ከሰልጣኞቹ ስንቱ የተማረውን እየተጠቀመበት እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ዓምድ ነበር። እሱን ያየችው አንዲት ልጅ ናት። እሷን ቀጠርን። ማስተርሷን ገና እየተማረች ነበር።

ሎግፍሬም_ሰለቸኝ

ሁላችሁም «እንዴት ትማር» ላይ ናችሁ። የመጨረሻ ጥያቄዋን ዘለላችሁት።

በ1970 የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ሀብታም አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶ ለልማት እርዳታ እንዲሰጡ ግብ አስቀመጠ። የደረሱበት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዷ እንግሊዝ ነበረች። በ2020 የልማት መሥሪያ ቤቷን ዲፊድን ከውጭ ጉዳይ ጋር ቀላቀለችው። በ2021 ወደ 0.5 አወረደች። በ2025 ደግሞ በ2027 ወደ 0.3 እንደምትወርድ አስታወቀች። አሜሪካማ ባሰባት። በ1961 የተቋቋመው የእርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤአይዲ በ2025 ፈረሰ። ከፕሮግራሞቹ 83 በመቶው መሰረዛቸውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ተናገሩ። የተረፈው በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ወደ ውጭ ጉዳይ ተጠቃለለ።

ስራ ያጡት ሰዎች እኮ ማስተርስ አላቸው። ከዓመታት ልምድ ጋር። አሁን ለአንድ ክፍት ቦታ ካንቺ ጋር የሚሰለፉት እነሱ ናቸው።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ስለ ድሃ አገር ልማት ለመማር የምንከፍለው ሀብታም አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2005 ፓሪስ ላይ የልማቱ ባለቤት ተቀባዩ አገር ነው ተባለ። በ2016 ኢስታንቡል ላይ ከሰብዓዊ እርዳታው ገንዘብ 25 በመቶው እስከ 2020 ድረስ ለአገር ውስጥ ድርጅቶች በተቻለ መጠን በቀጥታ ይድረስ ተባለ። ዓመቱ መጣ፣ ሄደ፣ አልደረሰም። አሁን ገንዘቡ ሲያልቅ ሁሉም ሎካላይዜሽን ሎካላይዜሽን ይላል፣ ስራው ለአገር ውስጥ ድርጅት ይሰጥ ማለቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የቁጥር_ሰው

«ስራ ያጡት ሰዎች እኮ ማስተርስ አላቸው»

ልክ ነህ። ግን የትኛው ስራ ነው የጠፋው? የዶነር ገንዘብ ተቀብሎ ለዶነር ሪፖርት የማድረግ ስራ ነው በብዛት የጠፋው። የመለካት ስራ አልጠፋም። ምሳሌ ልስጥህ። የሕዝብና የጤና ጥናት የምንለው ዲኤችኤስ ከ1984 ጀምሮ በአሜሪካ ገንዘብ ሲሰራ ኖረ። በ2025 መጀመሪያ ገንዘቡ ተቋረጠ። የሕጻናት ሞት፣ ክትባት፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ ብዙ አገሮች ቁጥራቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነበር። የጤና ሚኒስቴሮች ያ ቁጥር አሁንም ያስፈልጋቸዋል። ናሙና ማውጣት፣ መጠይቅ መንደፍ፣ ዳታ ማጽዳት የሚችል ሰው ከድሮው የበለጠ ይፈለጋል እንጂ አያንስም።

ስለዚህ እህቴ፣ የፕሮግራሙን ስም አትዪ። የሞጁሉን ዝርዝር እዪ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ «ዓለም አቀፍ ልማት» ብለው አንድ ዓይነት ስም ይሰጣሉ። አንዱ ጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽሑፍ ስለ ጽሑፍ ነው። ሌላው ጋ ስታቲስቲክስ አለ፣ የተጽዕኖ ግምገማ አለ፣ ቃለ መጠይቅን በሥርዓት መተንተን አለ። ስሙ አንድ፣ ትምህርቱ ሰማይና ምድር።

ይሄ ለምን ይጠቅማል ለምትሉ ማይክሮክሬዲትን ውሰዱ። የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክና መሥራቹ ዩኑስ በ2006 የሰላም ኖቤል ተሸለሙ። ያኔ ሁሉም ትንሽ ብድር ሰውን ከድህነት ያወጣል ይል ነበር። ማስረጃው ምን ነበር? የተሳካላቸው ሴቶች ፎቶና ታሪክ። ከዚያ በስድስት አገሮች ብድሩን ማን እንዲያገኝ በዕጣ ተለይቶ ጥናት ተሰራ። በ2015 ውጤቱ አንድ ላይ ወጣ። ብድሩ አይጎዳም፤ ለአንዳንዱ ስራውን ለማስፋት ጠቅሞታል። የቤተሰብን ገቢ በአማካይ ይለውጣል የሚለው ግን አልታየም። የጥናቱን ዘዴ ያስፋፉት ባነርጂ፣ ዱፍሎና ክሬመር በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ወሰዱ። አንቺ የምትጽፊው «የስኬት ታሪክ» እና ይሄ ጥናት መካከል ያለው ርቀት ነው መማር ያለብሽ።

ባነርጂና ዱፍሎ ያስተማሩበት የአሜሪካው ኤምአይቲ በዳታ፣ ኢኮኖሚክስና የፖሊሲ ንድፍ የኦንላይን ማይክሮማስተርስ (ከማስተርስ ያነሰ የኮርሶች ጥቅል) አለው። ቪዲዮውን በነጻ ማየት ይቻላል። ፈተናና ሰርተፍኬት ሲሆን ክፍያው በገቢሽ ይሰላል። አንዱን ኮርስ ሞክሪው። ካንገሸገሸሽ ማስተርሱን ሳትከፍይ አወቅሽ።

ፊልድ_ወጣሁ

ሌሊት አንባቢ፣ አንቺ ነኝ፣ ልክ ገምተሃል። ጋሼ፣ የፈተናውን ታሪክ አንብቤ ወደ ሪፖርታችን ሄድኩ። እኛም ያቺ ዓምድ አለችን። ማንም አይሞላትም።

የቁጥር ሰው፣ ሂሳብ እፈራለሁ። ይሄ ያስቀረኛል?

የቁጥር_ሰው

አያስቀርሽም። ፐርሰንትና አማካይ በደንብ ከገባሽ መነሻ አለሽ። የሚከብደው ቀመሩ አይደለም። «ይህ ቁጥር ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው የጨመረው?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። ሶፍትዌሩን ለምደሽ ታልፊዋለሽ። ለስታቲስቲክስ አር ነጻ ነው፣ ለካርታ ኪውጂስ ነጻ ነው፤ መጠይቅ የሚሞላበት ኮቦ ደግሞ መቼም ስልክሽ ላይ አለ።

ገና_ተመራቂ

እኔ ደግሞ ዘንድሮ ነው የተመረቅኩት። ስራ የለኝም። ቁጭ ብዬ ከምጠብቅ ይሄንኑ ማስተርስ ኦንላይን ብጀምር ምን ይመስላችኋል?

ቀጣሪው_ወገን

አይሆንም ልጄ። ተማር እንጂ አትማር ማለቴ አይደለም። ግን ይሄኛውን አሁን አይደለም። ማስተርስ ይዞ ልምድ የሌለው ሰው ሲቪ ግራ ያጋባናል። ለጀማሪ ቦታ ከመጠን በላይ ነው፣ ለመካከለኛው ያንሳል። መጀመሪያ ስራ ፈልግ፣ መረጃ ሰብሳቢ ሆነህም ቢሆን። የተመድ በጎ ፈቃደኞች ከቤት ሆነው የሚሰሩበት የኦንላይን ስራም አለው፣ አይከፈልም ግን ሲቪ ላይ ይገባል። ማስታወቂያዎችን ሪሊፍዌብ ላይ በየቀኑ አንብብ። ባታመለክትም ምን እንደሚጠየቅ ትማራለህ።

ጀምሬ_ያቆምኩ

ያለፈበት ይንገረኝ ስላልሽ፣ ያቆምኩትም ልናገር። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም። ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም። ያደከመኝ ሌላ ነው።

አንደኛ የቡድን ስራው። አምስት ሰው፣ አምስት የሰዓት ቀጠና። አንዱ ሲነቃ ሌላው ይተኛል። ስብሰባው ሁሌ የሚመቸው ሀብታም አገር ለሚኖሩት ነው፤ እኛ ሌሊት እንነሳለን። አንዴ መብራት ጠፍቶ ስቀር ስሜ ከስራው ላይ ተነሳ። ለቢሮው ብጽፍ መልሱ «ከቡድን አባሎችዎ ጋር ይነጋገሩ» የሚል ነበር።

ሁለተኛ ክፍያው። የሚያስተዋውቁት የሞጁሉን ዋጋ ነው። ማስረዘሚያ ስትጠይቂ፣ ሞጁል ስትደግሚ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚገኘው ሌላ ገጽ ላይ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት በኢሜይል ጠይቂያቸውና መልሱን በጽሑፍ ያዢ። በስልክ የተነገረ ነገር ነገ ማስረጃ አይሆንሽም።

ግን ባዶ እጄን አልወጣሁም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። በእንግሊዝ ሥርዓት 60 ክሬዲት ላይ ስትደርሺ የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት፣ 120 ላይ ዲፕሎማ ይዘሽ መውጣት ይቻላል። 180 ሲሞላ ነው ማስተርስ። እኔ ሰርተፍኬቱን ይዤ ወጣሁ። ስራዬ ላይ የጠቀመኝ ያው የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ነው። ስለዚህ ስትመርጪ «መሀል ላይ ባቆም ምን ይሰጠኛል? እረፍት ወስጄ መመለስ እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ልጅ ይታመማል፣ ፕሮጀክት ይዘጋል፣ አለቃ ይቀየራል። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ አንዱ መምጣቱ አይቀርም።

ሎግፍሬም_ሰለቸኝ

የቁጥር ሰው ጥሩ ተናገረ። ግን አንድ ነገር ሸፈነ። ምን እንደሚለካ የወሰነው ማን ነው?

እስከ 1990 ድረስ አገር ሁሉ የሚደረደረው በነፍስ ወከፍ ገቢ ነበር። ማህቡብ ኡል ሐቅ የሚባል ፓኪስታናዊ ኢኮኖሚስት ከአማርትያ ሴን ጋር ሆኖ ዕድሜንና ትምህርትን ከገቢ ጋር የሚያጣምር መለኪያ አወጣ። የሰው ልማት ኢንዴክስ። በአንድ ጊዜ ደረጃው ተገለባበጠ። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ግን ሰዎቻቸው የተማሩና ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ አገሮች ወደ ላይ ወጡ። አገሮቹ አልተለወጡም። ጥያቄው ነው የተለወጠው። ይሄንን ስታቲስቲክስ ሞጁል ውስጥ አታገኚውም፤ የልማት ታሪክና ቲዎሪ ውስጥ ነው ያለው።

ሎግፍሬሙስ? በየፕሮፖዛሉ የምንሞላው ያ ሰንጠረዥ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለዩኤስኤአይዲ ተብሎ የተሰራ ነው። ድርጅቱ ሄደ፣ ሰንጠረዡ ቀረ። ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሰው የተፈጥሮ ሕግ ይመስለዋል። አራት ረድፍ፣ አራት ዓምድ፣ የሰው ኑሮ እዚያ ውስጥ ካልገባ የለም።

አትማሪ አይደለም ያልኩት። ዘርፉን ለመተቸት ከሆነ ተማሪ። ለማዕረግ ከሆነ ግን ገንዘብሽን ያዢ።

ቀይ_እስክሪብቶ

እኔ በሌላው ወገን ነኝ። በኦንላይን ማስተርስ ጽሑፍ አርማለሁ። ክርክራችሁን ሳነብ ሁለታችሁም ተማሪዎቼን አስታወሳችሁኝ።

የሚወድቅ ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። «ልማት ውስብስብ ጽንሰ ሀሳብ ነው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት እንዲህ አለች፣ መጨረሻ ላይ «ሁሉም ባለድርሻ አካላት መተባበር አለባቸው»። አሁን አሁን ደግሞ ማሽን የጻፈው በዝቷል። ሰዋስዉ የጸዳ ነው፣ ግን ማንም ሰው የትም ቦታ ምንም አላየም።

አንድ ጥሩውን ደግሞ ላሳይሽ። አንድ ተማሪ የውሃ ፕሮጀክት ላይ ይሰራ ነበር። ኢንዲኬተሩ «ተሰርተው የተጠናቀቁ የውሃ ነጥቦች ብዛት» ይላል። ሪፖርቱ ላይ ሁሌ መቶ በመቶ ነው። ልጁ ለጽሑፉ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያለፈው ፕሮጀክት የሰራቸውን ነጥቦች ዝርዝር አውጥቶ ለየውሃ ኮሚቴው ደወለ። ዛሬ ጠዋት ውሃ ወጥቷል? ብዙዎቹ ቆመዋል። ለምን? ፓምፑ ውስጥ ያለች የጎማ ማሸጊያ አልቃለች። ዕቃዋ ውድ አይደለችም፤ ግን የምትሸጠው ሩቅ ነው፣ ኮሚቴውም የሰበሰበውን ገንዘብ ለመጓጓዣ እንዲያወጣ ደንቡ አይፈቅድለትም። ደንቡን የጻፈው ፕሮጀክቱ ነው። ኢንዲኬተሩ ስለ ግንባታ ብቻ ስለሚጠይቅ ይሄ ሁሉ የትም አይታይም።

ልጁ ይሄንን ይዞ ወደ ንባቡ ሄደ። የፓሪሱን «ባለቤትነት» ከዚያ የኮሚቴ ደንብ ጎን አስቀመጠው። ገንዘብ አዋጡ እየተባሉ ገንዘቡን ማዘዝ የማይችሉ ሰዎች ባለቤት ናቸው? ብሎ ጠየቀ። ቲዎሪም አለበት፣ ቁጥርም አለበት። ካምፓስ ገብቶ ቢሆን ለማን ይደውል ነበር? ስልኩ ውስጥ የኮሚቴዎቹ ቁጥር ያለው ስራው ላይ ስለሆነ ነው። ለዚህ ነው እኔ ስራ ላይ ያለ ተማሪ የምወደው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን። የድርጅትሽን ዳታ ለትምህርት ለመጠቀም ከአለቃሽ የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ። አንዳንዱ አለቃ ደስ ይለዋል፤ አንዳንዱ «ድክመታችንን ልታወጪ ነው?» ይላል። ይሄን ዲሰርቴሽን ላይ ሳይሆን መጀመሪያ እወቂው። ሌላው፣ ሰው የምታናግሪ ከሆነ ከዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል። ጊዜ ይወስዳል። ሳይፈቀድ የሰበሰብሽው ዳታ የፈለገ ጥሩ ቢሆን ላትጠቀሚበት ትችያለሽ።

ሌሊት_አንባቢ

ቀይ እስክሪብቶ፣ «በምን አወቅክ» የሚለው የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ እንዳይሆን ብቻ!

ቀይ_እስክሪብቶ

ሁላችንም እንጽፈዋለን። ለኔም ተጽፎብኛል።

ገና_ተመራቂ

ስኮላርሺፕስ? ለኦንላይን ይሰጣል?

ጀምሬ_ያቆምኩ

ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የእንግሊዝ መንግሥትን ስኮላርሺፕ ቸቭኒንግን ያስባል፣ ግን ቸቭኒንግ የርቀት ትምህርት አይሸፍንም፤ እንግሊዝ ገብተው ሙሉ ጊዜ ለሚማሩ ነው። የኮመንዌልዝ ኮሚሽን ለርቀት ማስተርስ የሚሰጠው አለ፣ ግን ለኮመንዌልዝ ታዳጊ አገሮች ዜጎች ብቻ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ቅናሽ ይኖረዋል። ከሁሉ የሚሻለው ቀጣሪን መጠየቅ ነው። የስልጠና በጀት ያለው ድርጅት ማስተርስ አልከፍልም ቢል እንኳ አንድ ሞጁል ይከፍላል።

ደግሞ ኦንላይን ተምሬ በዚያው እቀራለሁ ብለህ እንዳታስብ። በእንግሊዝ ከምርቃት በኋላ ለስራ የሚሰጠው ቪዛ እዚያው ገብቶ ለተማረ ነው። በርቀት የተማረ አይገባበትም።

ፊልድ_ወጣሁ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ያሰብኳቸውን ፕሮግራሞች ዳታቤዙ ላይ ፈለግኩ፤ አንዱ የለም፣ ሰረዝኩት። ከቀሩት ውስጥ ሞጁል በሞጁል የሚከፈልበትና 60 ክሬዲት ላይ ሰርተፍኬት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው። በእሱ ልጀምር ነው፣ ለሰርተፍኬቱ ብቻ ተመዝግቤ። አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ «ጽፈሽ አምጪው» ብሎኛል።

አሁን ያስጨነቀኝ የመጀመሪያው ሞጁል ነው። የምርምር ዘዴ አለ፣ የልማት ታሪክና ቲዎሪ አለ። የትኛውን ላስቀድም?

የቁጥር_ሰው

ዘዴውን። ሌላው ሁሉ ይቆያል።

ሎግፍሬም_ሰለቸኝ

ታሪኩን። አለዚያ የተሳሳተውን ነገር በትክክል መለካት ነው የምትማሪው።

ቀይ_እስክሪብቶ

የዘንድሮውን የፕሮጀክት ካሌንደርሽን እዪ። ባስላይን (የመነሻ ጥናት) ወይም ኤንድላይን (የማጠናቀቂያ ጥናት) በዚህ ሴሚስተር ካለሽ ዘዴውን ውሰጂ፤ አሳይንመንቱንና ስራሽን አንድ ላይ ትሰሪያለሽ። ከሌለሽ ታሪኩን።

ፊልድ_ወጣሁ

ኤንድላይን አለን። መጠይቁ እንኳ ገና አልተነደፈም።

የቁጥር_ሰው

እንግዲያው መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ተመዝገቢ። ያቺን ማንም የማይሞላትን ዓምድም ለምን ባዶ እንደምትቀር መረጃ ሰብሳቢዎቹን ጠይቂያቸው።